ቶኒ አዳምስን ያዳነው ቬንገር ነውን?

የአርሰናል ደጋፊዎች ስለ ቶኒ አዳምስ ሲያወሩ የምሰማው ታሪክ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ጉልበትና ጩኸት እንጂ ብዙ ችሎታ ያልነበረው፣ መጠጥ ሊያጠፋው የደረሰ አንድ እንግሊዛዊ ተከላካይ ነበር፤ ከጃፓን የመጣ መነጽራም ፈረንሳዊ ደርሶ ቢራውን ከእጁ ነጠቀው፣ የተቀቀለ ዶሮና ብሮኮሊ አበላው፣ ከዚያ በኋላ ኳስ ተጫዋች ሆነ። እኔም አርሰናልን የወደድኩት በዚያ ፈረንሳዊ አሰልጣኝ፣ በአርሰን ቬንገር ዘመን ነው፤ ስለዚህ ይህን ታሪክ ለረጅም ጊዜ ሳልጠይቅ ተቀብዬው ኖሬአለሁ። ነገሩ ግን ከቀኖቹ ጋር አይገጥምም። አዳምስ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣው ኦገስት 16 ቀን 1996 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ቬንገር ሥራውን የጀመረው ደግሞ ኦክቶበር 1 ነው። በመካከሉ ያለው ስድስት ሳምንት ተኩል ለታሪክ ጸሐፊ ኢምንት ሊመስል ይችላል፤ መጠጥ ለማቆም ለሚታገል ሰው ግን ከሁሉም የሚከብደው የመጀመሪያው ጊዜ እንደሆነ በቤቱ ያየ ያውቀዋል።

ስለ አንድ ተከላካይ ሕይወት መጻፍ ከአጥቂ ይልቅ የሚያስቸግረው፣ ሥራው በአብዛኛው ያልተፈጠሩ ነገሮች ድምር በመሆኑ ነው። ያልተቆጠረ ግብ፣ ያልደረሰ ኳስ፣ ሮጦ ሮጦ ባንዲራ ሲነሳበት እጁን የሚያወናጭፍ አጥቂ። አዳምስ ለአርሰናል በ669 ጨዋታዎች ተሰልፏል፤ በክለቡ ታሪክ በዚህ የሚበልጠው 722 ጊዜ የተሰለፈው ዴቪድ ኦሊሪ ብቻ ነው። ከእነዚያ 669 ጨዋታዎች ውስጥ ሰው የሚያስታውሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ግብ ናት፤ እሷም ራሱ ያገባት። ወደ እሷ በኋላ እመለሳለሁ።

አዳምስ 1966 ላይ ሮምፎርድ ተወልዶ ያደገው ዳጋናም ነው፤ አርሰናልን የተቀላቀለውም 1980 ላይ ገና የትምህርት ቤት ልጅ ሳለ ነው። ለዋናው ቡድን መጀመሪያ የተሰለፈው 17 ዓመት በሞላው በአንድ ወር ውስጥ፣ ኖቬምበር 5 ቀን 1983 ከሰንደርላንድ ጋር ሲሆን፣ አርሰናል በሜዳው 2ለ1 ተሸነፈ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1988፣ በ21 ዓመቱ፣ አሰልጣኙ ጆርጅ ግሬም አምበልነቱን ከኬኒ ሳንሰም ወስዶ ለእሱ ሰጠው። ሳንሰም ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ብዙ ጊዜ የተሰለፈ አንጋፋ ነበር። ግሬም የፈለገው ግን አንጋፋነትን አልነበረም፤ በሜዳ ላይ የእሱን ትእዛዝ በድምፁ ሁሉ የሚያስተጋባ ሰው ነበር የፈለገው።

ግሬም ከኋላ የገነባው መስመር በኮከቦች የተሠራ አልነበረም። የግራ መስመር ተከላካዩ ናይጀል ዊንተርበርን ከዊምብልደን መጣ፤ የቀኙ ሊ ዲክሰንና የመሀሉ ስቲቭ ቦልድ ሁለቱም የተገዙት ያኔ በሁለተኛው ዲቪዚዮን ከነበረው ከስቶክ ሲቲ ነው። እነዚህን ሰዎች እንደ አንድ አካል የሚንቀሳቀሱ ያደረጋቸው ልምምዱ ነው። ግሬም አራቱን ገመድ አስይዞ ያለማምዳቸው እንደነበር ተጫዋቾቹ ራሳቸው ደጋግመው አውርተውታል፤ አንዱ ወደ ቀኝ ሲንሸራተት ገመዱ ሦስቱን ይስባቸዋል፣ አንዱ ወደ ኋላ ሲቀር ወዲያው ይታወቅበታል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ምን ያህል እንደሚያሰለች መገመት አያዳግትም። የሰለቸው ተጫዋች የትኛው እንደነበር ግን ቅዳሜ ሜዳ ላይ ማወቅ አይቻልም ነበር።

የዚያን ዘመን ጨዋታዎች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዛሬ በዩቲዩብ ማግኘት ይቻላል። አንድ ምሽት ኳሱን ትቼ አዳምስን ብቻ ልከተል ብዬ ቁጭ አልኩ፤ የተቀረጸው ደብዛዛ ነው፣ ካሜራውም ከኳሱ ጋር ስለሚሄድ ሰውየው ግማሹን ጊዜ ከምስሉ ይወጣል። ሆኖም በታየ ቁጥር የሚያደርገው ነገር ይገርማል። ተቃራኒው አማካይ ኳሱን ይዞ አንገቱን ቀና ሲያደርግ፣ ማለትም ረጅም ኳስ ለመላክ ጊዜና ቦታ ሲያገኝ፣ አዳምስ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ሦስቱም አብረውት ይሸሻሉ። ያው አማካይ ፊቱን ሲያዞር ወይም አንድ የአርሰናል ተጫዋች ሲደርስበት ግን አዳምስ ይጮኻል፣ አራቱም በአንድ ጊዜ ወደ ፊት ይወጣሉ፣ ክንዱም ይነሳል። ክንዱ የመስመር ዳኛውን ለመለመን የተነሳ ይመስላል፤ እሱ ግን ቀድሞ የሚያየው ዊንተርበርንን ነው፣ ቀጥሎ ዲክሰንን። ዳኛው የሚታየው ሁሉም መስመር ላይ መሆናቸው ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

ብዙ ሰው የአርሰናልን የከጨዋታ ውጪ ወጥመድ፣ ማለትም ተከላካዮቹ አብረው ወደ ፊት ወጥተው አጥቂውን ከኋላቸው ትተው ከጨዋታ ውጪ የሚያደርጉበትን ዘዴ፣ ሲያነሳ እንደ ብልጣብልጥነት ወይም እንደ ስንፍና ያየዋል። እኔ በተቃራኒው፣ ተከላካይ ከሚሠራቸው ሥራዎች ሁሉ ትልቁን ድፍረት የሚጠይቀው ይህ ይመስለኛል፤ ወደ ፊት የወጣ ተከላካይ ከኋላው አርባ ሜትር ባዶ ሜዳ ትቶ ነውና፣ አንዱ ጓደኛው ግማሽ እርምጃ ከዘገየ የሚዋረደው እሱ ነው። ሕጉ ራሱ በ1990 ክረምት ተለወጠባቸው፤ እስከዚያ ድረስ ከመጨረሻው ተከላካይ ጋር እኩል የቆመ አጥቂ ከጨዋታ ውጪ ይባል የነበረ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ እኩል መሆን ተፈቀደ። ለአጥቂዎች የተሰጠች ትንሽ ስጦታ ነበረች። በቀጣዩ የውድድር ዘመን አርሰናል በ38 የሊግ ጨዋታዎች የተቆጠረበት 18 ግብ ብቻ ነው፤ የተሸነፈውም አንድ ጊዜ ነው።

ያ ደረጃ ላይ ከመድረሱ በፊት ግን አዳምስ ብዙ ተሰድቧል። በ1988 የአውሮፓ ዋንጫ፣ ዱሰልዶርፍ ላይ፣ ማርኮ ቫን ባስተን እንግሊዝ ላይ ሦስት ግብ ሲያስቆጥር ቫን ባስተንን የመያዝ ዕዳ በዋናነት የወደቀው በዚህ በ21 ዓመት ልጅ ላይ ነበር። ኤፕሪል 1989 ላይ ደግሞ ኦልድ ትራፎርድ ውስጥ ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር 1ለ1 ሲለያዩ ሁለቱንም ግቦች ያገባው አዳምስ ነው፤ አንዱን ለአርሰናል፣ ሌላውን በራሱ ላይ። በማግስቱ ዴይሊ ሚረር ፎቶው ላይ የአህያ ጆሮ ቀጥሎ አወጣው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በሄደበት ስታዲየም ሁሉ ሰው እንደ አህያ ያናፋበት፣ ካሮትም ይወረውርበት ነበር። እንግሊዞች ይህን እንደ ቀልድ ነው የሚያዩት። አህያ የሚለውን ስድብ እኛ ስንሰማው ግን እንደ ቀልድ ማለፍ ይከብዳል።

ከዚያ ጋዜጣ ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ሜይ 26 ቀን 1989፣ አርሰናል የሊጉን ዋንጫ ለመውሰድ አንፊልድ ሄዶ ሊቨርፑልን በሁለት ግብ ልዩነት ማሸነፍ ነበረበት። የዚያን ምሽት ታሪክ ሁሉም የሚተርከው በማይክል ቶማስ የመጨረሻ ደቂቃ ግብ ነው፤ ልክም ነው። ሆኖም ግብ ፍለጋ ወደ ሊቨርፑል ሜዳ የሄደው ግሬም ያሰለፈው ሦስት የመሀል ተከላካዮችን፣ አዳምስን፣ ቦልድንና ኦሊሪን ነበር። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፦ ሁለት ግብ ማግባት የሚጠቅመው አንድም ካልገባብህ ነው። 2ለ0 አለቀ፤ አዳምስ በ22 ዓመቱ የሊጉን ዋንጫ አነሳ።

አሁን ወደ መጠጡ እመጣለሁ። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ኳስ መጠጥን የሚያየው እንደ ነውር ሳይሆን እንደ ጓደኝነት ማረጋገጫ ነበር። የአርሰናል ተጫዋቾች ማክሰኞ ከከባድ ልምምድ በኋላ ረቡዕ ዕረፍት ስለነበራቸው ማክሰኞን ጠጥተው ያነጉ ነበር፤ ቡድኑም የማክሰኞ ክለብ የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። ሜይ 6 ቀን 1990 አዳምስ ራሌይ ከሚገኘው ቤቱ አቅራቢያ መኪናውን ከግድግዳ ጋር አጋጨ፤ ሲመረመር በደሙ የተገኘው አልኮል ሕጉ ከሚፈቅደው አራት እጥፍ ነበር። ለዚያ ዓመት የዓለም ዋንጫም አልተመረጠም። ዲሴምበር 19 ቀን የአራት ወር እስራት ተፈረደበትና ቼልምስፎርድ ወህኒ ቤት ገባ፤ ግማሹን ታስሮ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1991 ተፈታ። አርሰናል በዚያ የውድድር ዘመን በሊጉ የተሸነፈባት ብቸኛ ጨዋታ፣ 2ለ1 በቼልሲ፣ የተደረገችው ፌብሩዋሪ 2 ቀን ነው። አምበሉ ያኔ እስር ቤት ነበር።

ይህን አጋጣሚ እንደ ሙገሳ የሚያነሱት አሉ፤ እሱ ሳይኖር ብቻ ተሸነፉ ይላሉ። እኔን ግን የሚያሳስበኝ ሌላው ፊቱ ነው። ከእስር ሲወጣ አምበልነቱ ይጠብቀው ነበር፣ በሜይ ወር ዋንጫውን ያነሳው እሱ ነው፣ ሕዝቡም በደስታ ተቀበለው። ሰክሮ መኪና መንዳት ሰው ሊገድል የሚችል ወንጀል መሆኑን አንድ ሰው በቁጣ የነገረው አይመስልም፤ ቢነግረውም ድምፁ በጭብጨባው ውስጥ ጠፍቷል። እያሸነፈ ያለ ሰውን ችግር አለብህ ብሎ ማሳመን በጣም ከባድ ነው፣ አርሰናልም ያሸንፍ ነበር። ስለዚህ መጠጡ ሌላ አምስት ዓመት ተኩል ቀጠለ። 1993 ላይ የምሽት ክለብ ደረጃ ላይ ወድቆ ጭንቅላቱ ተሰፋ፤ በዚያው ዓመት ኤፕሪል ዌምብሌይ ላይ ቶተንሃምን ከኤፍ ኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ያሰናበተችውን ብቸኛ ግብ በጭንቅላቱ ገጭቶ አገባ። እንዲህ ያለው ነገር ነው ችግሩን ጀብዱ አስመስሎት የቆየው።

የዋንጫዎቹን ዝርዝር በፍጥነት ልለፈው፤ 1993 ላይ አርሰናል ሊግ ካፕንና ኤፍ ኤ ካፕን በአንድ የውድድር ዘመን የወሰደ የመጀመሪያው ክለብ ሆነ። በሊግ ካፑ ፍጻሜ አሸናፊውን ግብ ያስቆጠረውን ስቲቭ ሞሮን አዳምስ በደስታ ትከሻው ላይ ሊሸከመው ሲሞክር ጥሎት ክንዱን ሰበረው። በቀጣዩ ዓመት ኮፐንሀገን ላይ ዞላ፣ አስፕሪያና ብሮሊን የነበሩበትን ፓርማን 1ለ0 አሸንፈው የአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎችን ዋንጫ ወሰዱ። የግሬምን ቡድን በአንድ ጨዋታ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው የምመርጥለት ይህን ነው፤ አንድ ግብ ካገቡ በኋላ በዚያ ዘመን ከነበሩት ምርጥ አጥቂዎች ጋር ሰባ ደቂቃ ያህል መታገል።

ፌብሩዋሪ 1995 ግሬም ከአንድ የተጫዋቾች ወኪል በተቀበለው ገንዘብ ምክንያት ተሰናበተ። ተተኪው ብሩስ ሪዮክ ለአንድ የውድድር ዘመን ብቻ ቆየ። በጁን 1996 እንግሊዝ ባዘጋጀችው የአውሮፓ ዋንጫ አዳምስ ቡድኑን በአምበልነት መራ፤ ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ብዙም ሳይቆይ ነበር የተሰለፈው፣ ውድድሩ እስኪያልቅም ከመጠጥ ራሱን ጠብቆ ቆየ። ጁን 26 ቀን በጀርመን በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፉ። ከዚያ ምሽት ጀምሮ ሰባት ሳምንት ያህል ጠጣ።

እዚህ ላይ የክለቡን ሁኔታ ማየት ያስፈልጋል። ሪዮክ የተባረረው ኦገስት 12 ነው፤ አዳምስ መጠጥ ያቆመው ከአራት ቀን በኋላ። በዚያ ሳምንት አርሰናል ቋሚ አሰልጣኝ አልነበረውም። ሴፕቴምበር 14 ቀን የቡድን ጓደኞቹን ሰብስቦ የአልኮል ሱሰኛ ነኝ ብሎ በነገራቸው ጊዜም ክለቡ የሚመራው በጊዜያዊ ሰዎች ነበር፤ ቬንገር ገና ጃፓን፣ ናጎያ ነው። በፊቱ ምሳሌ የሚሆነው ፖል መርሰን ነበር፤ እሱ 1994 ላይ የአልኮል፣ የኮኬይንና የቁማር ሱሰኛ መሆኑን በአደባባይ ተናግሮ ነበር። የአዳምስ ንግግር ግን ሌላ ክብደት ነበረው፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲጮህባቸውና ሲያዛቸው የኖረ አምበል፣ ራሱን ማዘዝ እንዳልቻለ ለሚያዛቸው ሰዎች መንገሩ ነውና። ያን ያደረገው ማንም አሰልጣኝ ሳያስገድደው ነው። ቬንገር አዳነው የሚለውን ታሪክ የምቃወመው በዚህ ምክንያት ነው፤ የቬንገርን ውለታ ማሳነስ ፈልጌ አይደለም፣ የአንድን ሰው ትልቁን ሥራ ለሌላ ሰው መስጠት ስለሚሆን እንጂ።

አዳምስ ራሱ ቬንገርን መጀመሪያ ላይ ተጠራጥሮት ነበር፤ መነጽር ያደረገ፣ አስተማሪ የሚመስል ፈረንሳዊ ስለ ኳስ ምን ያውቃል ብሎ እንደነበር በኋላ በግልጽ ተናግሯል። አዲሱ አሰልጣኝ የኋላ መስመሩን አላፈረሰም። ሰላሳ ዓመት ያለፋቸውን ሰዎች አመጋገብ ቀየረ፣ የሰውነት ማሳሳብ ልምምድና ማሳጅ አስገባ፣ የልምምዱን ሰዓት በደቂቃ ለካ። በዚህም የእግራቸውን ዕድሜ አራዘመው። ከዚያ በላይ የሰጠው ነገር ፈቃድ ነው፤ ኳሱን ሩቅ ከመጠለዝ ይልቅ ይዘህ ውጣ የሚል ፈቃድ። ከፊታቸው ፓትሪክ ቪዬራና ኢማኑኤል ፕቲ ቆመው ስለነበር አንድ ተከላካይ ወደ ፊት ቢሄድ ቦታው ባዶ አይቀርም ነበር። አዳምስ ፒያኖ መማር የጀመረው በእነዚያ ዓመታት ነው፤ ማክሰኞ ከሰዓት ባዶ ሲሆን የሚሞላበት ነገር ያስፈልጋል።

ያም ሆኖ ሊያቆም ተቃርቦ ነበር። ዲሴምበር 1997 አርሰናል በሜዳው በብላክበርን 3ለ1 ሲሸነፍ አዳምስ በቁርጭምጭሚቱ ሕመም ምክንያት የራሱ ጥላ ሆኖ ነበር። ቬንገር ዕረፍት ሰጥቶ ለማገገሚያ ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ላከው። ለእኔ የቬንገር እውነተኛ ውለታ ይህ ነው፤ ለተጎዳ ተከላካይ በመርፌ ሕመሙን አደንዝዞ ማሰለፍ በተለመደበት አገር፣ አምበሉን በውድድሩ መካከል ለሳምንታት መልቀቅ። አዳምስ ተመለሰ፤ ማንቸስተር ዩናይትድ በሰፊ ነጥብ ይመራ የነበረውን ሊግም አርሰናል በተከታታይ አሥር ጨዋታ አሸንፎ ወሰደው።

አሥረኛዋ ጨዋታ ሜይ 3 ቀን 1998 በያኔው የአርሰናል ሜዳ በሀይበሪ ከኤቨርተን ጋር የተደረገችው ናት። አርሰናል 3ለ0 እየመራ ሰዓቱ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ፣ ተቀይሮ ገብቶ አማካይ ላይ የቆመው ስቲቭ ቦልድ ኳሱን ከኤቨርተን ተከላካዮች አናት በላይ ቀስ አድርጎ ጣለው። ከኋላቸው የገባው አዳምስ ነው፤ በደረቱ አበረደው፣ አንድ ጊዜ ነጠረ፣ በግራ እግሩ መታው። ይህን ስመለከት ሁልጊዜ የሚያስቀኝ የሁለቱ ሰዎች ማንነት ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ከተከላካይ ጀርባ ያለችውን ያቺን ክፍተት ሲዘጉ የኖሩ ሁለት ሰዎች፣ ኳሱ መቼ መለቀቅ፣ ሯጩ መቼ መነሳት እንዳለበት ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። ከኤቨርተን ተከላካዮች አንዱ ክንዱን አንስቶ ቢሆን አይገርመኝም። አዳምስ ሁለት እጁን ዘርግቶ ዓይኑን ወደ ሕዝቡ አቀና፤ 2011 ላይ ከኤሚሬትስ ስታዲየም ውጪ የቆመለት ሐውልት ያንን ቅጽበት ነው የያዘው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት የጀርባ ሕመም ዓመታት ናቸው። 2001 ላይ ሶል ካምቤል ከቶተንሃም መጣ፤ በ2001–02 የውድድር ዘመን አዳምስ በሊጉ የተሰለፈው አሥር ጊዜ ብቻ ነው። ሜይ 4 ቀን 2002 ካርዲፍ ላይ ቼልሲን 2ለ0 አሸንፈው ኤፍ ኤ ካፕን ሲያነሱ በሜዳው ነበር፤ ከአራት ቀን በኋላ ቡድኑ ኦልድ ትራፎርድ ላይ ሊጉንም ወሰደ። ስለዚህ በሰማንያዎቹ፣ በዘጠናዎቹና በሁለት ሺዎቹ፣ በሦስት የተለያዩ አሥርተ ዓመታት የሊግ ዋንጫ ያገኘ አምበል ሆኖ ጫማውን ሰቀለ። አሰልጣኝነቱ አልሆነለትም፤ 2017 ላይ የስፔኑን ክለብ ግራናዳን ይዞ ሰባት ጨዋታ ሰባቱንም ተሸነፈ። መስመር መያዝ የሚችል ሰው ሁሉ ለሌላው ማስተማር አይችልም ማለት ነው፣ ወይም ደግሞ ለማስተማር እንደ ግሬም ያለ ጭካኔ ያስፈልጋል።

የሆነለት ሌላ ሥራ ነው። ገና ተጫዋች ሳለ፣ 2000 ላይ፣ ስፖርቲንግ ቻንስ የተባለውን ክሊኒክ አቋቋመ፤ በሱስ የተያዙ ስፖርተኞች ከጋዜጠኞች ዓይን ርቀው የሚታከሙበት ቦታ ነው፣ የእንግሊዝ ተጫዋቾች ማኅበርም ይደግፈዋል። ሲቋቋም ዋናው ጠላት መጠጥ ነበር። የዛሬ ተጫዋች ግን እንደ ማክሰኞ ክለብ አይጠጣም፤ ቢጠጣ በማግስቱ በልምምድ ላይ የሚለብሰው መሣሪያ ያጋልጠዋል። ቁማር ግን በማንኛውም መለኪያ ላይ አይታይም፣ አፍም አይሸትም፣ ስልክ ውስጥ ነው ያለው፤ ክሊኒኩን ከሚያጨናንቁት ችግሮች አንዱም እሱ ሆኗል። የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች የውርርድ ድርጅቶችን ስም ከማሊያቸው ደረት ላይ ለማንሳት የተስማሙት 2023 ላይ ነው፤ እሱም ቢሆን ተግባራዊ የሚሆነው ከ2025–26 የውድድር ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ነው፣ እጅጌው ላይ ያለውም አይነካም። እዚህ አዲስ አበባ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት አጠገቤ የሚቀመጡት ወጣቶች የአርሰናል ተከላካይ ኳስ ሲያስጥል የሚደሰቱት ወይም የሚናደዱት እጃቸው ላይ ባለው የውርርድ ወረቀት መሠረት ነው፤ ለእነሱ የሚሆን ክሊኒክ የት እንዳለ የነገራቸው ሰው ያለ አይመስለኝም።